ገመናና ውሸት፦ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲመልሱ

ነሐሴ ሲጋመስ በአምባ ጊዮርጊስ የደብተርና የእስክሪብቶ ገበያ ይደራል። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የወገራ ወረዳ ከተማ ደጋ በመሆኗ ዝናቡ ገና አያባራም፤ ይሁን እንጂ ወላጆች የምዝገባውን ቀን ማጠያየቅ፣ ጫማና ዩኒፎርም ማሰናዳት፣ ከብት ሲጠብቅ የከረመውን ልጅ ማን እንደሚተካው መመካከር የሚጀምሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ከእነዚህ ወላጆች መካከል ከደብተርና ከጫማው በተጨማሪ ሌላ የሚያሰናዱት ነገር ያላቸው አሉ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ አንዲት እናት ትታሰብ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ከርሟል። በየማታው አንዲት ፍሬ መድኃኒት ስትውጥ አይቷል፤ ብልቃጡ የሚቀመጥበትንም ያውቃል፤ "ምንድን ነው?" ብሎ ጠይቆ "የራስ ምታት ነው" ተብሏል። ከመስከረም ጀምሮ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው ከእርሷ ዓይን ርቆ፣ ብዙ ልጆችና ብዙ ጥያቄዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ነው። እናቲቱን እንቅልፍ የሚነሳት "ምን ይናገር ይሆን? ምንስ ይሉት ይሆን?" የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለጤና ባለሙያ የሚያነሡ ወላጆች ጥቂቶች ናቸው። ባለሙያውም አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለመውሰድ፣ ስለ ቫይረሱ መጠን ምርመራና ስለሚቀጥለው ቀጠሮ ተነጋግሮ ይሸኛል። የሁለቱ ዝምታ ሲደማመር ሸክሙ በልጁ ላይ ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወላጁ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ለልጁ ምን ሊለው እንደሚገባና የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ ያለበትን ድርሻ ማብራራት ነው።

የችግሩ መልክ መለወጥ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል "ኤች አይ ቪና ሕፃናት" ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ወላጅ አልባነት ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የተጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ የበሽታ መከላከያ አቅማቸው ሳይጠበቅ መድኃኒት እንዲጀምሩና ዕድሜ ልካቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከዚያም ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና የጎንዮሽ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ መድኃኒት መጣ። የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍም እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ2016 እና በ2019 ውጤታቸው ይፋ የሆኑ ትላልቅ ጥናቶች አረጋገጡ።

በመሆኑም ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጠው የዚህ ዓይነት ቤተሰብ ልጅ በአብዛኛው ራሱ ከቫይረሱ ነፃ ነው። እናቱም በሕይወት አለች፤ ታርማለች፣ ገበያ ትውላለች፣ በማኅበርና በዕድር ትገኛለች። ልጁ የሚጠብቀው የሞተ ወላጅ መታሰቢያ ሳይሆን በየማታው መድኃኒት የሚውጥ፣ ደህና የሆነ ወላጅ ምሥጢር ነው። የጤና ትምህርቱ ግን ለዚህ ለውጥ ገና አልደረሰለትም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት ፀረ ኤድስ ክበባት ብዙ በጎ ሥራ ሠርተዋል፤ ዳሩ ግን በዚያን ዘመን በየግድግዳው የሚሣለው አፅምና በየመድረኩ የሚቀርበው የሞት ድራማ ያስተላለፉት መልእክት እስከ ዛሬ በሰው አእምሮ ውስጥ አለ። "ኤድስ ገዳይ ነው" የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ የሚሰማ፣ እናቱ ጧት ቁርሱን አብልታ የላከችው ልጅ፣ ከሁለቱ የትኛውን ይመን?

በዓለም ላይ በትምህርት ቤትና በኤች አይ ቪ ጉዳይ ስማቸው የታወቀው በአብዛኛው ቫይረሱ በራሳቸው ደም ውስጥ የነበረባቸው ልጆች ናቸው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 ከትምህርት ቤት የታገደው ራያን ዋይት፣ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ትምህርት ቤት ለመግባት ያጋጠመው ችግር የሀገሪቱ መነጋገሪያ የሆነው ንኮሲ ጆንሰን ይጠቀሳሉ። በኬንያም ኒዩምባኒ የተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆቹን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አልቀበልም በማለታቸው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ልጆቹ እንዲገቡ ተደርጓል። እነዚህ በግልጽ በር የተዘጋባቸው ናቸው። በሩ ተከፍቶለት ሳለ አንደበቱ የተዘጋበት ልጅ ግን ጋዜጣ ላይ አይወጣም።

የሚጎዳው ምንድን ነው?

በኤች አይ ቪ ጉዳይ ይህን ጥያቄ ለይቶ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ሕመሙ፣ ድህነቱ፣ የአባት መሞት ወይም ጥሎ መሄድ፣ የጎረቤት ሐሜት በአንድ ቤት ውስጥ ተደበላልቀው ስለሚገኙ፣ ልጁ ትምህርቱ ላይ ሲደክም ወይም ጠበኛ ሲሆን ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ለመናገር ያዳግታል። ስለዚህ ሕመምም ድህነትም የሌለበት፣ ነገር ግን ማኅበረሰቡ በወላጆቹ ምክንያት ልጁን የሚያሸማቅቅበት ሌላ ዓይነት ቤተሰብ ቢገኝ ለንጽጽር ይጠቅማል። በምዕራቡ ዓለም ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች በሚያሳድጓቸው ልጆች ላይ የተደረገው ረጅም ጥናት ለዚህ ያገለግላል።

የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታዎች ዝርዝር እንዲወጣ ያደረገው በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 1990 ነው። ስለሆነም ንጽጽሩ በቫይረሱና በዚህ መካከል ሳይሆን በሁለቱም ቤት ልጆች ላይ በሚደርሰው መገለል መካከል ነው። በእንግሊዝ ሱዛን ጎሎምቦክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሳተሙት ጥናት ጀምሮ፣ በአሜሪካም ናኔት ጋርትሬል እ.ኤ.አ. በ1986 ጀምራ ልጆቹን ከመወለዳቸው በፊት አንሥታ እስከ ጉልምስና የተከታተለችበት ጥናት፣ ያገኙት ውጤት ተቀራራቢ ነው። በአሜሪካው ጥናት 78 ልጆች በ17 ዓመታቸው ሲመረመሩ በትምህርትና በማኅበራዊ ኑሮ ከእኩዮቻቸው ያነሱ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም የተሻሉ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ በፈቃዳቸው የገቡና ቁጥራቸውም ጥቂት መሆኑ መዘንጋት ባይኖርበትም፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2013 ማስረጃውን መርምሮ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደርሷል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከእነዚሁ ልጆች መካከል በአሥር ዓመታቸው በእናቶቻቸው ምክንያት ስድብ ወይም መገለል የደረሰባቸው፣ ካልደረሰባቸው ይልቅ የባሕርይና የስሜት ችግር አሳይተዋል። የወላጁ ማንነት ያላመጣውን ጉዳት የክፍል ጓደኛ ምላስ አምጥቶታል ማለት ነው። የጉዳቱን ኃይል ከቀነሱት ነገሮች መካከል ደግሞ የእናቶቹ ብቻቸውን አለመሆን፣ ማለትም እንደ እነርሱ ካሉ ሌሎች ወላጆች ጋር መገናኘታቸውና ትምህርት ቤቱ ልዩ ልዩ ዓይነት ቤተሰብ መኖሩን የሚያስተምር መሆኑ ተጠቅሰዋል። በዚያ ሀገር ያሉ እንዲህ ያሉ ወላጆች ትምህርት ሊከፈት ሲል ልጁን "ስለ ቤታችን ቢጠይቁህ ምን ትላለህ?" ብለው አስቀድመው እንዲያለማምዱ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ወላጅ ቢኖር ለጤና ባለሙያ እንኳ ሊናገር መቻሉ አጠራጣሪ ነው። ሆኖም በምርመራ ክፍል ውስጥ የሰማ ባለሙያ ቢኖር የሰማውን የመጠበቅ ግዴታው ስለ ኤች አይ ቪ ከሰማው አያንስም፤ የሙያ ምሥጢር የታካሚውን ኑሮ ከመውደድና ካለመውደድ ጋር የተያያዘ አይደለም። እንዲህ ያለ ወላጅ የሚያሳድገው ልጅም በትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ከሌላው ልጅ የተለየ ነገር አይደለም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ይችላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች የራሳቸውንም ሆነ የወላጆቻቸውን ወይም የአሳዳጊዎቻቸውን የኤች አይ ቪ ሁኔታ እንዲያውቁ፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ለዕድሜያቸው በሚመጥን መጠን ደረጃ በደረጃ እንዲነገራቸው ይመክራል። ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ የሚሉት አንድ ነው፤ "ልጅ ምሥጢር አይችልም"።

ይህ አባባል ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያደባልቃል፤ ውሸትንና ገመናን። የጎንደር ገጠር ልጅ ገመና ምን እንደሆነ ከማንም ሳይማር ያውቃል። አባቱ ሰክሮ የገባበትን ሌሊት፣ የእህል ጎተራው ባዶ የሆነበትን ወር፣ የእህቱን ከባሏ ተጣልቶ መመለስ ደጅ ወጥቶ አያወራም። ማንም አስፈራርቶት ሳይሆን የቤቱ ነገር የቤቱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ገመና ልጁ የሚያውቀውና ከቤተሰቡ ጋር የሚጠብቀው እውነት ነው። ውሸት ግን ሌላ ነው። "የራስ ምታት ነው" ተብሎ የተነገረው ልጅ የሚጠብቀው ነገር የለውም፤ በክፍል ውስጥ ስለ መድኃኒቱ ቀለምና ስለ ብልቃጡ ያለ ሐሳብ ሊያወራ ይችላል፤ ለምን ማውራት እንደሌለበት አያውቅምና። ኋላ ከጎረቤት ልጅ እውነቱን ሲሰማ ደግሞ የሚሰብረው የቫይረሱ ስም ብቻ ሳይሆን የእናቱ ቃል ነው። ከዚህ በኋላ "አትሞትም፣ ደህና ናት" የሚለውን ትክክለኛ ማጽናኛ እንኳ አያምንም።

ሦስተኛው መንገድ፣ ምንም ሳይብራራ "ይህን ለማንም ብትናገር ወዮልህ!" ማለት፣ ከሁሉ የከፋ ነው። ልጁ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፍርሃቱን ብቻ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ስለዚህ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ የበሽታውን ስም መንገር የግድ ላይሆን ይችላል። "በደሜ ውስጥ በዓይን የማይታይ ተውሳክ አለ፤ ይህ መድኃኒት አስተኝቶታል፤ እንዳይነቃ በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ደህና ነኝ" ቢባል እውነት ነው፣ ይበቃዋልም። ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ስሙን ከክፍል ወይም ከሬዲዮ መስማቱ አይቀርምና ከእናቱ አፍ ቢሰማው ይመረጣል። የዚያ ቀን ንግግር ረጅም መሆን የለበትም። ልጁ ምንም ሳይመልስ ወጥቶ ሊጫወት ይችላል፤ ወላጁ ይህን ግድየለሽነት አድርጎ እንዳይወስደው ባለሙያው አስቀድሞ ቢነግረው መልካም ነው። ጥያቄዎቹ ከሳምንት በኋላ እንጨት ሲለቀም ወይም ሽሮ ሲወጠወጥ ይመጣሉ።

የሚመጡትም ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። "ትሞቻለሽ?" የሚለው የመጀመሪያው ነው፤ መልሱ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ የምትወስድ ሰው እንደማንኛውም ሰው ረጅም ዕድሜ ልትኖር እንደምትችል ነው። ሁለተኛው "እኔንስ ይዞኛል?" የሚለው ሲሆን፣ ይህ በግምት የሚመለስ አይደለም። በመሆኑም ልጁ ከዚህ በፊት ካልተመረመረ፣ ወይም የጡት መጥባት ጊዜ ካበቃ በኋላ የመጨረሻው ምርመራ ካልተደረገለት፣ ምርመራው ከንግግሩ መቅደም አለበት። ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለበት ካሳየ ነገሩ ሌላ መልክ ስለሚይዝ ከወላጁ በላይ የሠለጠነ አማካሪ እገዛ ያስፈልጋል። ሦስተኛው "ከማን ያዘሽ?" የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። በዚህ ጥያቄ አባት በልጁ ፊት እንዲከሰስ አይገባም፤ ሐሰት መናገርም አያስፈልግም። "ይህ የትልልቆች ጉዳይ ነው፤ ስታድግ እነግርሃለሁ፤ አሁን ማወቅ ያለብህ ደህና መሆኔን ነው" የምትል እናት አልዋሸችም፣ አላሸሸችምም፤ ቀጠሮ ሰጠች እንጂ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ሁኔታ አለ። እናቲቱ ውጤቷን ለባሏ ገና ያልነገረች እንደሆነ፣ ለልጁ መንገር ቤት ውስጥ ያልታሰበ አደጋ ሊያመጣባት ይችላል። ባለሙያው "መመሪያው ይላል" በሚል ሊያቻኩላት አይገባም። የባልየው ምርመራና ለእርሱ የመንገሩ ጉዳይ፣ የድብደባ ወይም ከቤት የመባረር ስጋት ካለ ደግሞ የእርሷ ደኅንነት ይቅደም። አያት በሚያሳድጓቸው ልጆችም እንዲሁ፣ የሞተችው ልጃቸው ነገር ገና ቁስል የሆነባቸውን እመት አያት በአንድ ቀጠሮ ማሳመን አይቻልም።

ከቀጠሮ ወረቀቱ ጀምሮ

እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ መደረጉ ለታካሚው ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ከአምባ ጊዮርጊስ እንዳትታይ ስትል ጎንደር ድረስ የምትሄድ ሴት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ብትመላለስ የመኪናው ወጪም የሰው ዓይንም ይቀንስላታል። በሌላ በኩል ግን ባለሙያው ከወላጁ ጋር የሚገናኝባቸው ቀናት በዓመት ሁለት ሆኑ ማለት ነው። ክረምት ላይ የምትመጣ እናት "ልጆችሽ ስንት ዓመት ሆናቸው? መስከረም የሚገባ አለ? ስለ መድኃኒቱ ምን ያውቃል?" የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ሳይቀርቡላት ከሄደች፣ ቀጣዩ ዕድል ትምህርት ከተጋመሰ በኋላ ነው። ይህን ሥራ ቀድሞ በአመዛኙ ይሠሩት የነበሩት ቫይረሱ በራሳቸው ደም የሚገኝ ደጋፊዎችና የእናቶች ድጋፍ ቡድኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ሲታገድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ በመደረጉ፣ ብዙው ምክር ወደ መደበኛዋ ነርስ ዞሯል። ጊዜዋ አጭር እንደሆነ ቢታወቅም ሦስቱ ጥያቄዎች አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

ጊዜ ካለ ልምምድ ማድረግ ይጠቅማል። ባለሙያዋ የልጁን ጓደኛ ሆና "እናትህ ለምን ጎንደር ትመላለሳለች?" ብትል፣ እናቲቱ በልጇ ቦታ ሆና "መድኃኒት ልታመጣ፤ ደህና ናት። ኳሱን አቀብለኝ!" ብላ ትመልሳለች። አጭር፣ እውነት ያለበትና ጨዋታውን የማያቋርጥ መልስ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከእናቱ ጋር ቢለማመድ ያልተዘጋጀበት ጥያቄ ሲመጣበት አፉ አይያዝም። ከቤተሰብ ውጭ ማንን ማናገር እንደሚችልም ስም ተጠቅሶ ይነገረው፤ አክስት፣ ወይም የክርስትና እናት፣ ወይም ራሷ ነርሷ። ለማንም የማይወራ ነገርና ለሁለት ሰው የሚወራ ነገር ለልጅ ትከሻ እኩል ክብደት የላቸውም።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ "ለስም ጠሪው መምህር ይነገር?" የሚለው ነው። እንደ ደንብ መልሱ "አያስፈልግም" ነው። የወላጅ ኤች አይ ቪ ለልጁ ትምህርትም ለሌሎች ልጆች ጤናም ምንም የሚጨምረው ነገር የለም። ለምዝገባም የወላጅም ሆነ የልጅ የኤች አይ ቪ ውጤት የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። በሠልፍ ላይ ልጅ ወድቆ ቢደማ መምህሩ ጓንት ወይም ንጹሕ ላስቲክ ተጠቅሞ ደሙን መጥረግ ያለበት ለሁሉም ልጅ በእኩል ነው፤ ይህ ጥንቃቄ ለሁሉም ሲደረግ የማንንም ገመና ማወቅ አያሻም። እናቲቱ በራሷ ፈቃድ ለአንድ የምታምነው መምህር ልንገር ካለች፣ የምትነግረው እርሷው ትሁን፤ ልጁም መምህሩ ማወቁን ይወቅ።

ምሥጢሩ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከጤና ተቋሙ ነው። ልጁ እናቱን አጅቦ ስለዋለ ለመምህሩ የሚወስደው የፈቃድ ወረቀት ላይ የተመታው ማኅተም የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍልን ስም የያዘ እንደሆነ፣ ወረቀቱን ያነበበ ሁሉ አውቋል። የጤና ጣቢያው ጠቅላላ ማኅተምና "በዚህ ቀን በተቋማችን አገልግሎት ላይ ነበሩ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ስም ከክፍሉ ስም ጋር አጣምሮ መጥራት፣ የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማስረዳት፣ የድርጅት ምልክት ባለበት መኪና ቤት ድረስ መሄድ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በትንሽ ከተማ ነርሷና መምህርቷ አንድ ዕድር ናቸው፤ አንዳንዴም ባልና ሚስት ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 በበኩሉ የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ወንጀል ያደርገዋል። በራት ገበታ ላይ "የእገሌ እናት እኮ…" ብሎ የሚጀምር ወሬ ከሁለቱም አንቀጾች ጋር የሚጋጭ መሆኑ ለብዙዎች አይታያቸውም።

ወሬው ከወጣና ልጁ ከተሰደበስ? ወላጁ ወደ ርእሰ መምህሩ ሲሄድ የራሱን የጤና ሁኔታ ማብራራት አይጠበቅበትም። "ልጄ በስድብ ምክንያት ትምህርት ሊያቋርጥ ነው" ማለት ይበቃል፤ ትምህርት ቤቱ ማረም ያለበት ስድቡን እንጂ የተሰደበበትን ምክንያት አይደለም። ስድቡ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት በክፍል ፊት ስለዚያ ቤተሰብ መናገር ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ማጋለጥ ነው። የጤና ባለሙያው ሊያግዝ የሚችለው፣ ማንንም ሳይጠቅስ፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ኤች አይ ቪ የሚሰጠው ትምህርት እንዲታደስ በማድረግ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለክበቡ መምህር ስለ ዛሬው ሕክምና፣ ስለ ቫይረሱ መጠን መቀነስና ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝ እናቶች ስለሚወለዱ ጤነኛ ልጆች አንድ ቀን ብታስረዳ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ ማን እንደተጽናና ሳታውቅ ትወጣለች።

በአማራ ክልል "ወደ ትምህርት ቤት መመለስ" የሚለው ሐረግ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ከበፊቱ የከበደ ትርጉም ይዟል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ በዘጠኝ ወይም በአሥር ዓመቱ ሲመለስ፣ በሰባት ዓመቱ የተነገረው ተረት አይበቃውም። በሁለቱ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ እናቱ መድኃኒት ሳታገኝ የቆየችባቸውን ሳምንታት አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀቷን ሰምቶ፣ ምክንያቱን ግን አልሰማም። መድኃኒት ያቋረጠች እናት ወደ ክትትል ስትመለስ ባለሙያው የቫይረሱን መጠን ከማስመርመር ጋር ልጁ በዚያ ወቅት ያየውን ምን ብሎ እንደተረዳው ቢጠይቅ፣ ያልታሰበ መልስ ሊያገኝ ይችላል። እናቴ የታመመችው እኔ ስላስቸገርኳት ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ከስንት አንዱ አይደለም።

ክረምት ላይ ከልጇ ጋር የተነጋገረች እናት መድኃኒቷን ለመውሰድ የምትመለሰው የካቲት ላይ ነው። በካርዷ ላይ ከክብደቷና ከቫይረሱ መጠን ቀጥሎ አንድ መስመር "ለልጁ ተነግሮታል፤ ስሙን ገና አያውቅም" ተብሎ ከተጻፈ፣ በዚያ ቀን የምትቀበላት ሌላ ነርስ ብትሆንም ከየት እንደምትጀምር ታውቃለች።